ከእናትሽ ጀርባ ያለው ቴሌቪዥን

ጥያቄ፦ «ጋሼ እንደምን ከረሙ? ሁለት ፎቶ ልኬልዎታለሁ። አንዱ ለእንቁጣጣሽ እናቴ ዕጣን አጭሳ ቡና ስታፈላ ያነሳኋት ነው፤ ሁለተኛው ላሊበላ ሄጄ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኜ ያነሳሁት። በዓይኔ ሳየው ሁለቱም ልብ የሚሰርቅ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ሞቶ ቀረ። አብራኝ የሄደችው ጓደኛዬ ስልኳ ከኔ ያረጀ ነው፣ የሷ ፎቶ ግን ያምራል። ስክሪኑን ለሦስት ከፍለሽ አንሺ ሲሉኝ እሱንም ሞከርኩ፣ ብዙም ለውጥ የለውም። መሠረታዊው ሕግ ምንድን ነው? ወይስ ለጥምቀት ልወርድ ስለሆነ ካሜራ ልግዛ?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፤ ካሜራ አትግዢ። ቢያንስ ዘንድሮ አትግዢ። ሁለቱንም ፎቶ አስፍቼ አየኋቸው፤ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ቀለማቸውም ደህና ነው። ስልክሽ የታዘዘውን ሠርቷል።

የቡናውን እናስቀድም። እናትሽ ነጭ የሀገር ልብስ ለብሰው መሃል ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጀበናው ከሰሉ ላይ ነው፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ተደርድሯል። ዕጣን ይጨስ ነበር ብለሻል፤ እኔ ጭስ አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነው። ከራሳቸው በላይ የበራ ቴሌቪዥን አለ፤ ዜና አንባቢው በትከሻቸው በኩል ወደኔ ያፈጣል። በቀኝ በኩል የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጉልበት ገብቷል። ፊት ለፊት አንድ እግር ሸበጥ ተጥሏል። ጥግ ላይ ሰማያዊ ፌስታል አለ። ከኋላቸው ያለው መስኮት ደግሞ ነጭ ሆኖ ነዷል፤ በሱ ምክንያት የእናትሽ ፊት ጠቁሯል። አምስት ነገር ቆጠርኩ። ስታነሺ ከአምስቱ አንዱንም እንዳላየሽ እወራረዳለሁ።

ይሄ ያንቺ ስንፍና አይደለም። የሰው ዓይን ያዳላል። የሚወደው ሰው ላይ ሲያርፍ ሌላውን ሁሉ ይረሳዋል፤ ክፍሉ ውስጥ የዕጣኑ ሽታ፣ የቆሎው ድምፅ፣ የእናትሽ ጨዋታ አብረው ስላሉ ፌስታሉ ላንቺ የለም። ካሜራ ግን እናትሽን አያውቃቸውም። ለሱ እሳቸውም ፌስታሉም እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ፌስታሉ ደማቅ ስለሆነ ሳይበልጥበት አይቀርም። ፎቶውን በኋላ የሚያየው ሰው ደግሞ ሽታውም ጨዋታውም አይደርሰውም፤ የሚደርሰው አራት ማዕዘኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሕግ ካልሽኝ እኔ ያለኝ አንድ ነው፣ ሌላው ከሱ ይወለዳል፤ ከመጫንሽ በፊት የምትወጂውን ትተሽ ዳር ዳሩንና ጀርባውን እይ። ዘበኛ ማታ አጥሩን እንደሚዞር ዓይንሽን በስክሪኑ አራት ጠርዝ አዙሪው። ምን ገብቷል? ምን ተቆርጧል? ከሰውየው አናት ላይ ምን በቅሏል? ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በፊልም ዘመን፣ አንድ ሠርግ አነሳሁ። ሙሽሮቹ መናፈሻ ውስጥ ቆመዋል፤ ፈገግታው፣ ብርሃኑ፣ ቬሎው ሁሉም ልክ ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የመብራት ምሰሶ ከነሽቦው ከሙሽራው አናት ላይ ወጥቷል። የሙሽራው እናት አልበሙን ገልጠው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄን ቀንድ አወጣህለት» አሉኝ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብራመድ ኖሮ ምሰሶው ከራሱ ይርቅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሽቦ የሌለበት ሰማይ ማግኘት ዘበት ነው፤ ከሰው ራስ ማራቅ ግን በእግር የሚሠራ ሥራ ነው።

አሁን ያንኑ የቡና ፎቶ እንደገና እናንሳው። ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ ፌስታሉንና ሸበጡን አንሺ። ከዚያ ቁጭ በይ። የመጀመሪያውን ያነሳሽው በሩ ላይ ቆመሽ፣ ከላይ ወደ ታች ነው፤ እናትሽ የተቀመጡት ግን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለው ነው። ከላይ ሲያነሷቸው አጥረው ይታያሉ፤ ጀርባቸው ላይ የሚገባውም ምንጣፉና የሶፋው እግር ነው። ስልኩን ሲኒ በሚቀበል እንግዳ ዓይን ከፍታ ያዢው። በዚህ ብቻ ወለሉ ላይ ያለው ኮተት ግማሹ ይጠፋል፤ ረከቦቱ ከፊት ይቀርብና እናትሽ ከሱ ወዲያ ከፍ ብለው ይታያሉ። ፊትም ኋላም ስላለው ፎቶው ዝርግ መሆኑ ይቀራል።

መስኮቱን ደግሞ ከጀርባቸው አውጪው። እሳቸውን አታስነሺ፣ አንቺ ዙሪ። መስኮቱ በጎናቸው ሲውል ብርሃኑ አንዱን ጉንጭ ይዞ ሌላው በጥላ ይቀራል፤ ፊት ቅርጽ የሚያገኘው ከዚህ ነው። ፍላሽ ከፊት ስለሚመታ ያንን ጥላ ሁሉ ያጠፋዋልና አታብሪ። የነጭ ልብስን ጠባይም እወቂ። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ፣ የእናትሽ ጠይም ፊት ደግሞ ጥቁር ይሆናል። ፊታቸው ላይ በጣትሽ ነክተሽ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጊ። የሸማው ድር እስኪጠፋ ድረስ ግን አትሂጂ።

ጭሱስ? ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ወይም ከጎኑ ሲመታውና ጀርባው ጨለማ ሲሆን ነው። ያንቺ ዕጣን የጨሰው በነጭ መስኮት ፊት ነበር፤ ነጭ በነጭ ላይ። ስትዞሪ ጠቆር ያለው ቡፌ ከማጨሻው ጀርባ እንዲውል፣ መስኮቱም ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሆን አድርገሽ ተቀመጪ። ያው ዕጣን፣ ያው ከሰል፣ ጭሱ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ታይዋለሽ። አንድ ጊዜ ካየሽው በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ጭስ ስታይ ጀርባውን ትፈልጊያለሽ፤ እኔ ሰው ቤት ቡና ስጠራ ሳላስበው ወንበር የምመርጠው በዚህ ነው፣ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

የምትጫኚው ደግሞ ጀበናው ተነስቶ ቡናው ቀጥኖ ወደ ሲኒው ሲወርድ ነው። ያ ቀጭን ጥቁር መስመር ዓይንን ከእጃቸው ወደ ሲኒው ይዞት ይወርዳል። የጀበናው አፍ ወደ ቀኝ ከሆነ በቀኝ በኩል ቦታ ተዪለት፤ አፉ ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር ከተጋጨ ቡናው ከፎቶው ውጪ የሚፈስ ይመስላል።

የቤተ ጊዮርጊሱ ፎቶ ሕመሙ ሌላ ነው። ፌስታልም ጉልበትም አልገባበትም፤ ችግሩ ሁሉም ነገር መግባቱ ነው። ሰማዩ አለ፣ ማዶ ያለው ተራራ አለ፣ አፋፉ ላይ የቆሙ ሰዎች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ መሃል ላይ አንሶ ቀርቷል። ፎቶው ስለ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅሽ «ስለ ላሊበላ» እንዳትዪኝ። ጣሪያው ላይ ስላለው መስቀል ነው? ስለ ጥልቀቱ ነው? ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ስለመውጣቱ ነው? ሦስቱ ሦስት ፎቶ ናቸው፣ አንድ ላይ አይነሱም።

ስለ መስቀሉ ከሆነ፣ ጣሪያው ላይ መስቀል በመስቀል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀርጿል። ከፍ ካለው በኩል ቆመሽ፣ ሰማዩን ጨርሰሽ አውጥተሽ፣ መስቀሉ ፍሬሙን ይሙላው። እዚህ ላይ መሃል ማድረግ ነውር የለበትም፤ ሠሪዎቹ በሚዛን ሠርተውታል፣ አንቺም በሚዛን አንሺው። ስለ ጥልቀቱ ከሆነ ግን ጣሪያው ብቻውን አይናገርም። ዙሪያው ወደ 12 ሜትር ተቆፍሮ ወርዷል፤ ያንን ቁጥር ፎቶ ላይ የሚነግርልሽ ሰው ነው። ነጭ የለበሰ አንድ ምዕመን ከታች በግድግዳው ሥር እስኪያልፍ ጠብቂ። እሱ ጥፍር አክሎ ሲታይ ግድግዳው ያኔ ይገዝፋል። ጠርዙ ላይ ስትቆሚ ግን ስክሪን እያየሽ እንዳትራመጂ፣ አደራ።

ሰዓቱም ክዶሻል። ጥላው ሁሉ እግር ሥር ነው፣ እኩለ ቀን ላይ አንስተሻል ማለት ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ገደማ ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርድና የሰው ዓይን ጉድጓድ፣ ድንጋዩም ጠፍጣፋ ይሆናል። መለኪያዬ ቀላል ነው፤ ጥላሽ ከቁመትሽ ካጠረ ሰው ፀሐይ ላይ አታንሺ፣ ጥላ ውስጥ አስገቢው። ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ የሚሆነው ልዩ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጣሪያው ብርሃኑን እንደያዘ ጉድጓዱ ቀድሞ ይጨልማል። መስቀሉ ከጨለማው ብቻውን ይወጣል፤ ዳር ዳሩን የሚያጸዳልሽ ፀሐይዋ ናት።

የጓደኛሽን ፎቶ አላየሁም፤ ግን ምን እንዳደረገች እገምታለሁ። ስልኳ አሮጌ ስለሆነ ዙም ሲያበላሽባት በእግሯ ቀርባለች።

ከጊዮርጊስ ሳንርቅ፣ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የሰማዕቱ ሥዕል ካለ አውርጂና ፊት ለፊትሽ አስቀምጪው። እኔ ለተማሪ ቅንብርን፣ ማለትም ነገሮች ፎቶው ውስጥ እንዴት እንደሚደረደሩ ሳስረዳ ከውጭ አገር ፎቶ ይልቅ እሱን ነው የምይዘው። ነጩ ፈረስ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ጦሩ በሰያፍ ወርዶ ዘንዶው ላይ ይሰካል። ጥግ ላይ፣ ዛፉ ላይ ብሩታዊት አለች። ዓይንሽ በምን እንደሚሄድ ተከታተዪው፤ ከሰማዕቱ ፊት ይነሳል፣ በጦሩ ይወርዳል፣ ዘንዶው ጋ ይደርሳል፣ በፈረሱ ገላ ዞሮ ብሩታዊት ጋ ይወጣል፣ ተመልሶ ፊቱ ላይ ያርፋል። ከሥዕሉ የሚወጣበት ቀዳዳ የለም። ጀርባው ላይስ ምን አለ? በአሮጌዎቹ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ቀለም ብቻ ነው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ሰዓሊው ደመናና ቤት መሣል አቅቶት አይደለም፤ ስላላስፈለገው ነው።

እዚያው የዓይንን ነገር እይ። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ዓይን ወዴት እንደሚያይ የሥዕሉን ትርጉም እንደሚለውጥ አባቶች ያውቁ ነበር። እናትሽ ወደ ካሜራው ካዩ ፎቶው ስለ እሳቸውና ስላንቺ ይሆናል፤ ወደ ሲኒው ካዩ ስለ ቡናው ይሆናል። ሁለቱም ያምራል። የማያምረው «እማዬ እዚህ እዪ!» ተብለው ሲኒውን ሊደፉ ሲሉ የተነሳው ነው፤ ያንቺ እሱ ነው።

አሁን ወደዚያ ለሦስት ወደ መክፈሉ። «የሦስተኛ ሕግ» የሚለውን ስሙን በጽሑፍ ያሰፈረው እንግሊዛዊው ሰዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ነው፣ በ1797 እ.ኤ.አ.፤ እሱ ሲጽፍ ያሳሰበው በዋናነት የድርሻ ጉዳይ ነበር፤ ሰማይና መሬት፣ ብርሃንና ጥላ እኩል ሆነው እንዳይፎካከሩ አንዱ ሁለት እጅ፣ ሌላው አንድ እጅ ይሁን የሚል። ዛሬ ግን መስመሮቹ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ሰው መሰካት ሆኖ ቀርቷል። አይጎዳም፤ ችግሩ ዕቃው የት ይቀመጥ እንጂ የቱ ይውጣ አይልሽም። ቤት ሳይጠረግ ሶፋው የት ይሁን እንደማለት ነው። ለዚህ ነው ሞክረሽው ለውጥ ያላየሽው፤ እናትሽን ወደ ቀኝ ሦስተኛው ስትወስጂያቸው ቴሌቪዥኑ መሃል ላይ ይነግሣል።

የስሚዝን የመጀመሪያ ሐሳብ ግን ያዢው። እንጦጦ ላይ ሆነሽ ከተማውን ስታነሺ ሰማዩ ደመና ከሌለው ብዙ ቦታ አትስጪው፤ የክረምት ደመና ከተቆለለ ደግሞ ሁለቱን እጅ ለሱ ስጪና ከተማው ከታች ቀጭን ሆኖ ይተኛ። ስልክሽ ላይ ያሉትን፣ ስክሪኑን ለሦስት የሚከፍሉትን የግሪድ መስመሮችም ክፈቺያቸው፣ ቢያንስ አድማሱ እንዳይንጋደድ። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ አንድ ጎን ሊፈስ የደረሰበት ስንት ፎቶ አይቻለሁ።

ስለ ርቀትም ልበልሽ፣ የብዙ ሰው ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነው። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ነው። ፊት ላይ ስታስጠጊው አፍንጫ ያድጋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄደሽ 2 ዙም አድርጊ፤ ፊቱ ልኩን ይይዛል። ሌላው ጥቅሙ፣ በዚህ መንገድ ስታነሺ ከሰውየው ጀርባ የሚገባው ቦታ ይጠባል። መንገድ ላይ ከሆንሽ ሦስት ሱቅና ሁለት ሚኒባስ የነበረው ጀርባ አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ይሆናል። ፖርትሬት ሞድ የሚሉት ጀርባውን ያደበዝዝ የለም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ያደበዝዛል፤ ግን የበራ ቴሌቪዥን ደብዝዞም የበራ ቴሌቪዥን ነው። በዚያ ላይ የነጠላውን ጫፍና የጸጉሩን ዳር አብሮ ይበላዋል።

ጥምቀት ላይ ልወርድ ነው ብለሽ ስለነበር፦ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በራሱ ያምራል፣ ድግግሞሽ ዓይን ይወዳል፤ ግን ዓይን ማረፊያ ካላገኘ ይደክመዋል። ከነጩ መሃል አንድ የወርቅ ጥልፍ ያለው ቀይ ድባብ ፈልጊ፣ ወይም ሁሉም ወደ ታቦቱ ሲያይ ወደ ኋላ የዞረ አንድ ሕፃን። ከሰው በላይ ከፍ የምትዪበት ደረጃ ወይም አጥር ካለ ማልደሽ ያዢው። ሰው ቀርበሽ ስታነሺ ደግሞ አስፈቅጂ፤ የሚጸልይ ሰው ፊት ስልክ አይደቀንም።

ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምር። ሰው በፎቶው ጠርዝ ስትቆርጪ መገጣጠሚያ ላይ አትቁረጪ፤ በእጅ አንጓ ወይም በቁርጭምጭሚት ላይ ከቆረጥሽው አካሉ የጎደለ ይመስላል፤ ወይ ከወገብ በላይ፣ ወይ ሙሉውን። አንስተሽ ከጨረስሽ በኋላ ክሮፕ ማድረግ፣ ዳር ዳሩን መቁረጥ ማለት ነው፣ ደግሞ ነውር ነው የሚሉሽን አትስሚ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ፎቶው ሲቆረጥ የማይወድ ሰው ነበር፤ ሆኖም በ1932 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ በኩሬ ላይ የሚዘለውን ሰው ያነሳበት ዝነኛው ፎቶ የተቆረጠ ነው። በአጥር ቀዳዳ ስላነሳ በግራ በኩል አጥሩ ገብቶበት ነበር። እሱም ዳሩን አጸዳ።

ያንቺን የላሊበላ ፎቶ አሁኑኑ ከፍተሽ ሰማዩንና ተራራውን ቆርጠሽ ጣይ። ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ግን መስቀሉን ታገኚዋለሽ።

የእናትሽን ግን ቆርጠሽ አታድኚውም፣ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ይፈላ። በአቦሉ ስልክሽን አታውጪ፤ ሰው ሊነሳ መሆኑን ሲያውቅ ይደርቃል፣ አንቺም መስኮቱ ወዴት እንዳለ፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከሳቸው ጀርባ ምን እንዳለ ቁጭ ብለሽ አጥኚ። ጨዋታው ሲሞቅ፣ በቶናው፣ እሳቸው ረስተውሽ ጀበናውን ሲያነሱ ያኔ አንሺ። ሃያ ያህል አንስተሽ የወደድሻትን አንዷን ብቻ ላኪልኝ።